ለቀበጥባጣ ልጅ ወላጅና መምህር የሚሰጠው ሥልጠና በጎንደር ምን ይምሰል? መነሻውና 20 ምላሾች

ጥያቄውን በውይይት መድረክ ላይ የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ምላሾቹን በየተራቸው ሰብስቤ ላስቀምጣቸው። መነሻዬ ይህ ነበር። ኤዲኤችዲ፣ ማለትም የትኩረት ማነስ፣ የመቅበጥበጥና የችኮላ ችግር ያለበት ልጅ ደንቡን አያጣውም። ትምህርት እየተሰጠ ከወንበር መነሳት ይፈቀዳል ወይ ብትሉት አይፈቀድም ይላችኋል፤ ደቂቃ ሳይቆይ ግን ተነስቶ መስኮቱ ጋ ነው። የቸገረው ማወቅ ሳይሆን የሚያውቀውን በሰዓቱ ማድረግ ነው። ስለዚህ እርዳታው ነገሩ በሚሆንበት ቦታና ደቂቃ መድረስ አለበት፤ ቦታው ደግሞ ቤትና ክፍል ነው። አዳራሽ ተሰብስቦ በግማሽ ቀን ትርጉምና ምልክት ሰምቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ የምስክር ወረቀት ይዞ መውጣትን ሥልጠና ለማለት ይከብደኛል። መምህሯ ሰኞ ጠዋት 60 ልጅ ፊት ስትቆም በእጇ የቀረው ትርጉም ብቻ ነው።

ያቀረብኩት ሐሳብ ወላጆች ከ6 እስከ 10 ሆነው፣ በሳምንት አንድ ቀን ለ2 ሰዓት ያህል፣ ለ9 ሳምንት እየተለማመዱ እንዲሠለጥኑ፣ መምህራን በራሳቸው ክፍል ውስጥ እንዲሠለጥኑ፣ ሁለቱን ደግሞ አንድ የዕለት ካርድ እንዲያገናኛቸው ነው። ከማራኪ እስከ አዘዞ ባሉ ትምህርት ቤቶች ይህ ከየት ይጀመር? የት ላይ ይበላሻል? ብዬ ጠየቅሁ።

1ኛ ምላሽ። የሥነ አእምሮ ነርስ ነኝ ያሉ ጸሐፊ ቀድመው ገቡ። ከሥልጠናው በፊት ልጁ ራሱ ይታይ አሉ። መለኪያው ከ9 የትኩረት ምልክቶች ወይም ከ9 የመቅበጥበጥና የችኮላ ምልክቶች ቢያንስ 6ቱ፣ ለ6 ወር የቆዩ፣ ከ12 ዓመት በፊት የጀመሩ፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታም የሚታዩ መሆናቸው ነው። ክፍል ውስጥ ብቻ የሚረብሽና ቤት ሲገባ ደህና የሆነ ልጅ ከሆነ መጀመሪያ ማንበብ ይችል እንደሆነ ፈትኑት። ጆሮና ዓይኑ ይመርመር፤ እንቅልፉ፣ ቁርሱ፣ የደም ማነሱ ይጠየቅ። በተለይ ያሳሰቡት በመሃል ለ5 ወይም ለ10 ሰከንድ ዓይኑ ፈዞ ቀርቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ስለሚቀጥል ልጅ ነው። ያ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ቦታው ሆስፒታል ነው። ደግሞም የ1ኛ ክፍል መግቢያው 7 ዓመት ሆኖ ሳለ በ5 ዓመት ተኩል የገባ ልጅ ከክፍሉ ልጆች ጋር ሳይሆን ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ይነጻጸር አሉ። ይህችን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይዘነጋታል።

2ኛ ምላሽ። የ2ኛ ክፍል መምህርት ናቸው። የስብሰባው ስም ላይ አተኮሩ። ጥሪው የአእምሮ ሕመም የሚል ከሆነ ወላጅ አይመጣም፤ ቀበጥባጣ ልጅን ስለ ማሳደግ ከተባለ ግን ከጎረቤቱ ጋር ይመጣል። ከዚያም በሰፈር የምንጠራባቸውን ስሞች ዘረዘሩ፦ ቀዥቃዣ፣ ሰይጣናም፣ ባለጌ። ለሴቶቹ ደግሞ ፈዛዛ። እዚህ ላይ የተናገሩት ሊሰመርበት ይገባል፦ ጸጥ ብላ ተቀምጣ ሐሳቧ የሄደው ልጅ ማንንም ስለማትረብሽ አትጠቆምም። ስለዚህ ሥልጠናው ስለሚሮጠው ልጅ ብቻ ካወራ የፈዘዘችውን ይረሳታል።

3ኛ ምላሽ። ወላጆችን ደጋግመው ያሠለጠኑ የልዩ ፍላጎት መምህር ናቸው፤ በዚህ የውይይት ክር ውስጥ ረጅሙን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ቅደም ተከተሉን በሳምንት ከፋፍለው አስቀመጡት።

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይቀየርም፤ የሚያስቸግረው ነገር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሆን መቁጠር ብቻ ነው። በ2ኛው ሳምንት በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ልጁ የመረጠውን ጨዋታ መጫወት፤ ጠጠርም ይሁን ጭቃ። በዚያ ጊዜ ወላጁ አያዝም፣ አይጠይቅም፣ አያርምም። እንደ ኳስ አስተላላፊ የሚያየውን ብቻ ይናገራል፦ አሁን ግድግዳውን ሠራህ፣ አሁን ጣራ እየፈለግህለት ነው። ቀላል ይመስላል እንጂ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ አብዛኛው ወላጅ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ማስተማር ይጀምራል። በ3ኛው ምስጋና ይመጣል። ጎበዝ ብቻ ማለት አይበቃም፤ ድርጊቱ መጠራት አለበት። እደግ የሚለው ምርቃታችን ከሁሉ የተሻለ ሽልማት ነው፤ ጫማህን ከበር ስር ስላኖርክ እደግ ቢባል ልጁ ምን እንዳሳደገው ያውቃል።

4ኛው ሳምንት ትእዛዝ ነው። ልብስህን ልበስ፣ ፊትህን ታጠብ፣ ደብተርህን ያዝና ቶሎ ውጣ ማለት አራት ትእዛዝ ነው፤ ልጁ የሚሰማው የመጨረሻውን ነው፣ እሱንም ከሰማ። ቀርቦ፣ ስሙን ጠርቶ፣ ትከሻውን ነካ አድርጎ አንድ ነገር ብቻ ማዘዝ፤ ከዚያ በልብ እስከ 5 መቁጠር። ትለብሳለህ ወይ ብሎ መጠየቅም ትእዛዝ አይደለም፣ እምቢ የማለት ፈቃድ ነው። የውጭዎቹ መመሪያዎች ዓይን ለዓይን ተያዩ ይላሉ፤ እኛ ዘንድ ልጅ የታላቁን ዓይን ትኩር ብሎ ማየት ድፍረት ስለሆነ ትከሻ መንካቱ ይበቃል አሉ። ይህን ያስተዋለ ሌላ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

5ኛው የሽልማት ሳምንት ነው፣ 6ኛው ትንንሽ ጥፋትን ሆን ብሎ መተው፣ 7ኛው ከጨዋታ ለጥቂት ደቂቃ ገለል ማድረግ፣ 8ኛው ይህን ሁሉ ወደ ቅዳሜ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ልቅሶ ቤት ይዞ መውጣት፣ 9ኛው ከመምህር ጋር መተሳሰር። ሁልጊዜ የሚበላሸው፣ ወላጁ በመጀመሪያው ቀን 7ኛውን ሳምንት መጠየቁ ነው። ቅጣቱን ስጡንና እንሂድ ይላሉ። ልጁ በቤቱ የሚያጣው ደስታ ከሌለ ገለል መደረጉ ምንም አይቀንስበትም፤ ጨዋታውና ምስጋናው ቀድመው የተቀመጡት ለዚህ ነው።

4ኛ ምላሽ። 3ኛውን አመስግነው ስለ 5ኛው ሳምንት ዝርዝር ጨመሩ። ሽልማቱ ሽምብራ ወይም ባቄላ በብርጭቆ ይሁን፤ ገንዘብ ታናሽ ወንድምን ያጣላል፣ ከረሜላ ደግሞ ያልቃል። ዒላማው ከ3 አይብለጥ፤ ከሦስቱ አንዱ ልጁ ዛሬም የሚያደርገው ይሁን፣ በመጀመሪያው ቀን ማሸነፍ አለበትና። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት የተሰጠ ፍሬ በምንም ጥፋት አይወሰድም። 5 ፍሬ ማታ ተረት፣ 10 ፍሬ ከአባት ጋር ሱቅ መሄድ፣ 25 ፍሬ እሑድ ከሰዓት ፋሲለደስ መዋኛ ሄዶ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር መጫወት። ለፋሲካ ልብስ እገዛልሃለሁ የሚለው ቃል ለዚህ ልጅ አይሠራም፤ ከሩቁ ትልቅ ነገር የቅርቡ ትንሽ ይበልጥበታል። ከ2 ወይም 3 ሳምንት በኋላ ሲሰለቸው ሥርዓቱ ከሸፈ ብሎ መተው ስሕተት ነው፤ የሚቀየረው የሽልማቱ ዝርዝር ነው።

5ኛ ምላሽ። አንድ መምህር በምሬት ጻፉ። ይህ ሁሉ አንድ ልጅ ላላት እናት ነው፤ በአንድ ዴስክ 3 ልጅ በሚቀመጥበት ክፍል ማን ሽምብራ ይቆጥራል? አሠልጣኞች ክፍል ገብተው አያውቁም አሉ። ቃላቸው ሻካራ ቢሆንም ጥያቄው የክሩ ዋና ጥያቄ ነበር።

6ኛ ምላሽ። የመለሱላቸው ሌላ የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት ናቸው፤ ሽምብራ አያስፈልግም ብለው ጀመሩ። ልጁ ከፊት ይቀመጥ፣ ከበርና ከመስኮት ይራቅ፤ ረጋ ካሉ ልጆች አጠገብ፣ ከዴስኩ ጫፍ ላይ ይሁን፤ ሲቆም ማንንም እንዳይገፋ። ከኋላ ብቻውን ወይም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ማስቀመጥ ግን ችግሩን መደበቅ ነው። 10 ሒሳብ ከመስጠት 5 ሰጥቶ፣ ደብተሩን ይዞ እንዲመጣ አድርጎ፣ አርሞ ሌላ 5 መስጠት፤ በመሃል ያለው መራመድ የተፈቀደ እንቅስቃሴ ይሆናል። ሰሌዳ ማጥፋት፣ ደብተር ማደል፣ ጠመኔ ማምጣት ለእሱ ይሰጥ። የሥራው ደረጃዎች በሰሌዳው ጥግ በቁጥር ይጻፉ። መመሪያ ከተሰጠ በኋላ ልጁ በራሱ ቃል ይድገመው።

ለመምህሩ ራሱ ደግሞ ይህን ሰጡ፦ በቀኝ ኪስ 10 ጠጠር ይዞ መግባት፣ ልጁን ደህና ሲያደርግ ባመሰገኑት ቁጥር አንዱን ወደ ግራ ኪስ ማዛወር። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ቀኝ ኪስ ባዶ መሆን አለበት። በመጀመሪያው ቀን 8ቱ ሳይነኩ ይቀራሉ፤ መምህሩ ለካ ልጁን የሚያየው ሲያጠፋ ብቻ እንደነበር የሚገባው ያኔ ነው። እኔ ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህቺን ጠጠር እመርጣለሁ።

7ኛ ምላሽ። በዕድሜ የገፉ መምህር፣ ሁሉም ነገር ተወሳሰበ፣ አንድ ኩርኩም ይበቃል አሉ። ድሮ ልጅ በልምጭ ተቀጥቶ ሰው ይሆን እንደነበርም አስታወሱ።

8ኛ ምላሽ። እዚህ ላይ ውይይቱ ጋለ። መላሹ ጋሼ ብለው ቢጀምሩም ነገራቸው ስለት ነበረው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት እንዲጠበቅ ያዛል፤ ስለዚህ ይህ የአስተያየት ጉዳይ አይደለም አሉ። ከሕጉ በላይ ግን አሠራሩን አስረዱ። ኩርኩም ክፍሉን ለጥቂት ደቂቃ ዝም ያሰኛል፤ በዚያ ዝምታ የሚሸለመው መምህሩ ነው። ስለዚህ መምህሩ ይደግመዋል፤ ልጁ ይለምደዋል፤ መጠኑ ይጨምራል። ልጁ የሚማረው መቀመጥን ሳይሆን መምህሩ ሲዞር መሥራትን ነው። የመርሳትና የችኮላ ችግር ደግሞ በዱላ አይድንም፤ መነጽር የሚያስፈልገውን ልጅ ስላላነበበ እንደመምታት ነው።

9ኛ ምላሽ። 7ኛው ጸሐፊ ተመለሱ፤ ተቆጥተው ሳይሆን በቁም ነገር። እሺ፣ አልመታም፤ ልጁ የጎኑን ልጅ በእርሳስ ቢወጋስ ምን ላድርግ? ብለው ጠየቁ። በእኔ እይታ የውይይቱ መልክ የተቀየረው በዚህች ጥያቄ ነው።

10ኛ ምላሽ። የ3ኛው ጸሐፊ መልስ ነው። ለመምታትና ለመውጋት ብቻ፣ ልጁ መምህሩ በሚያየው ወንበር ለብቻው ይቀመጥ፤ ጊዜው በዕድሜው ቁጥር ደቂቃ ነው፣ ለ7 ዓመት ልጅ ከ7 አይበልጥም። ስብከት የለም፣ ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፤ የተወጋው ልጅ ቀድሞ ይታያል። ጊዜው ሲያልቅ ልጁ ተመልሶ ያቋረጠውን ሥራ ይጨርሳል። ከበር ውጭ ማስወጣት ትልቁ ስሕተት ነው፤ ከበደኝ ያለውን ንባብ ለማምለጥ የወጋ ልጅ ከሆነ የፈለገውን ሰጠነው ማለት ነው። ስለዚህ ከጥፋቱ በፊት ምን እየተሠራ እንደነበር ሁልጊዜ ይመዝገብ። ጨለማ ክፍል፣ ጅብ መጣ ማለት፣ ማንበርከክ የዚህ ሥልጠና አካል አይደሉም።

በተጨማሪም 6ኛውን ሳምንት በተመለከተ አስጠነቀቁ፦ ጩኸትን ችላ ማለት ሲጀመር ጩኸቱ ለጥቂት ቀናት ይብሳል። ወላጁ በ3ኛው ቀን ተሸንፎ የተጠየቀውን ከሰጠ ልጁ የተማረው ረዘም አድርጎ መጮህን ነው። ይህ ቀድሞ ካልተነገረ ግማሹ ወላጅ በዚያ ሳምንት ሥልጠናውን ይተዋል።

11ኛ ምላሽ። አንድ እናት ልጁ ጠበል ቢጠመቅ ይሻላል አሉ። 12ኛው በቁጣ መለሱ፤ ኋላ ቀርነት ነው እስከማለት ደረሱ። ይህ አነጋገር በጎንደር ማንንም አያሠለጥንም፤ ባይጻፍ ይሻል ነበር።

13ኛ ምላሽ። ያረጋጉት እኚህ ናቸው። ጠበልና ሥልጠና የሚጣሉበት ምክንያት የለም አሉ። ሊጠበቁ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፦ የታዘዘ መድኃኒት በራስ ውሳኔ አይቋረጥ፣ ልጁ አይታሰር አይገረፍ፣ የእንቅልፍና የምግብ ሰዓቱ አይናጋ። 7 ቀን ጠበል የሚቆዩ ከሆነ የሽምብራው ብርጭቆ አብሮ ይሂድ። የንስሐ አባት በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ይጋበዙ፤ ልጁ በአመሉ ከፍቶ ሳይሆን ተቸግሮ እንደሆነ ከእሳቸው ቢሰማ አያትም ጎረቤትም ይቀበላል።

14ኛ ምላሽ። ከዚያው ተነስተው ወደ አብነት ትምህርት ቤት ወሰዱን። ከርዕሱ የወጣ ቢመስልም ውስጡ ቁም ነገር አለ። በየኔታ ዘንድ ልጅ እየተወዛወዘ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ የሚሰጠው ትንሽ በትንሽ ነው፣ ያንኑ ሳያጠና አያልፍም፤ ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል። እንቅስቃሴ፣ አጭር ሥራ፣ የጓደኛ እገዛ፦ ሦስቱም ለኤዲኤችዲ የሚመከሩ ናቸው። የአቋቋም ትምህርት መናገሻ በሆነችው በጎንደር ይህን ከሩቅ አገር መዋስ አያስፈልገንም፤ ልምጩን ትቶ ዘዴውን መውሰድ ነው አሉ።

15ኛ ምላሽ። መድኃኒትን በተመለከተ የ1ኛው ምላሽ ነርስ ተመለሱ። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ የመጀመሪያው ሕክምና የወላጅ ሥልጠና ነው። ከዚያ በላይ ሜቲልፌኒዴት የተባለው የኤዲኤችዲ መድኃኒት የሚታዘዘው በባለሙያ ነው፤ ዓይነቱ አጭር ከሆነ 4 ሰዓት ያህል ይሠራል፣ የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ሊቀንስ ስለሚችል ከቁርስ ጋር ወይም ከቁርስ በኋላ ይሰጣል። ክብደት በየ3 ወሩ፣ ቁመት በየ6 ወሩ ይለካል፤ የልብ ምትና የደም ግፊትም ይታያል። መጾም የጀመረ ልጅ ካለ የመድኃኒቱና የምግቡ ሰዓት ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ቀድሞ ይነጋገሩበት። በ1999 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመውን በሰሜን አሜሪካ የተደረገ ጥናትም ጠቀሱ፦ ከ7 እስከ 9 ዓመት ያሉ 579 ልጆች ለ14 ወር ታይተው፣ ለዋናዎቹ ምልክቶች በቅርብ ክትትል የተሰጠ መድኃኒት ከሥልጠና ብቻ በልጦ ተገኘ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የመድኃኒቱ መጠን አነሰ፣ ከወላጅ ጋር ያለው ግንኙነትም ተሻለ። ስለዚህ ሥልጠና ይበቃል ብሎ መድኃኒት መንፈግም፣ መድኃኒት ይበቃል ብሎ ሥልጠና መተውም ልጁን ይጎዳዋል። ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒቱ ሲጠፋ በእጅ የሚቀረው ሥልጠናው ነው።

16ኛ ምላሽ። ስኳር ነው ያሳበዳቸው፣ ስልክ ነው የሚሉ ሁለት አስተያየቶች በአንድ ላይ። ስለ ስኳሩ ወዲያው ታረሙ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. 23 ሙከራዎችን አንድ ላይ ያየው ጥናት ስኳር የልጆችን ጠባይ እንደሚቀይር አላገኘም። ስልኩ ማታ እንቅልፍ ከወሰደ ጠዋት ትኩረትን ይቀንሳል፤ ከመኝታ 1 ሰዓት በፊት ከእጁ መውጣቱ ይበቃል ተባለ።

17ኛ ምላሽ። ለመነሻ ጥያቄዬ በቀጥታ የመለሰው ይህ ነው፦ ካርዱ። ግማሽ የደብተር ወረቀት፤ ወደ ታች 3 ዒላማ፣ ወደ ጎን የቀኑ ክፍለ ጊዜያት። ዒላማው የሚቆጠር ይሁን፤ ጨዋ ሁን አይቆጠርም፣ ሳይፈቀድ አለመነሳት ይቆጠራል። መጀመሪያ ለ5 ቀን ምንም ሳይነገር ይቆጠራል። ልጁ በክፍለ ጊዜ 12 ጊዜ የሚነሳ ከሆነ የመጀመሪያው ግብ 0 አይደለም፣ 9 ነው። ከ10 ቀን 8ቱን ሲያሳካ ወደ 6 ይወርዳል። መምህሩ በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ አዎ ወይም አይ ብሎ ምልክት ያደርጋል፤ 10 ሰከንድ አይወስድም። ማንበብ ለማይችል ወላጅ የተቀባ ክብና ባዶ ክብ ይበቃል። ወላጁ በዚያው ማታ ይሸልማል፤ ለመጥፎ ካርድ አይቀጣም፣ ነገ ሌላ ካርድ አለ ብሎ ያልፋል።

ካርዱን የሚገድለው ደግሞ አንድ ነገር ነው አሉ፤ መምህሩ በጀርባው ዛሬም አስቸገረ ብሎ መጻፉ። ያን ቀን ካርዱ የዱላ መጥሪያ ይሆናል፣ በማግስቱ ልጁ ራሱ ያጠፋዋል። ስለዚህ በካርዱ ላይ ከምልክቱ ሌላ ፊደል አይጻፍ። ወላጁን ማነጋገር ያስፈለገው መምህር ያስጠራው።

18ኛ ምላሽ። ስለ ቀኑ ተጻፈ። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሻላል፣ የወሩን በዓላት አስቀድሞ ከቀን መቁጠሪያ ላይ መሰረዝ ነው። መስከረም ላይ መምህሩ ልጆቹን ገና አላወቃቸውም። በጥቅምት መጀመሪያ ከተጀመረ 9ኙ ሳምንት ከገና በፊት ያልቃል፤ ወደ ጥር ከተሻገረ የጥምቀት ዝግጅት ይውጠዋል። እናት ብቻዋን ከሠለጠነች አባትና አያት ያፈርሱባታል፤ ስለዚህ ልጁን የሚያሳድጉት ሁሉ ይጠሩ። የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት መዘግየት ላለባቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀውና በኢትዮጵያም የተሞከረው ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት እንዳለው አስታውሰው፣ ጉብኝቱን አትዝለሉ አሉ። ወላጅ በስብሰባ የሚናገረውና ምድጃ ዳር የሚያደርገው ይለያያል። ካለቀ በኋላም ቡድኑ በወር አንድ ቀን እንደ ማኅበር ቡና አፍልቶ ይገናኝ።

19ኛ ምላሽ። አጭር ናት። ኤዲኤችዲ በዘር የመውረድ ኃይሉ ብርቱ ስለሆነ ከሚሠለጥኑት ወላጆች ጥቂት የማይባሉት ራሳቸው ይረሳሉ፣ ይቸኩላሉ። ከስብሰባ የቀሩትን ቸልተኛ አትበሉ፤ ከስብሰባው ቀን በፊት ማታ ይደወልላቸው፣ የሳምንቱ ልምምድ በአንድ ገጽ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍላቸው።

20ኛ ምላሽ። 5ኛው፣ የተማረሩት መምህር፣ ተመልሰው መጡ። ከሰኞ ጀምሮ ጠጠሩን ይዘው እንደሚገቡና ለአንድ ልጅ ካርድ እንደሚሞክሩ ጻፉ። ግን ይህ ልጅ እርሳሱን በቀን ሁለቴ የሚጥል ነው፤ ካርዱን እንዴት ቤት ያደርሰዋል? አሉ። 6ኛዋ ወዲያው መለሱላቸው፦ ደብተር ውስጥ አይቀመጥም፣ ደብተሩም ይጠፋል። ከቦርሳው ውስጠኛ ጎን ላይ የላስቲክ ኪስ ይሰፋ፣ ካርዱን መምህሩ ራሱ ያስገባ፣ ማታ እናት ራሷ ታውጣ፤ የልጁ ሥራ ቦርሳውን መሸከም ብቻ ይሁን፣ ለመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት።